በአይቢኤም አይ (ኤኤስ/400) የስፑል ፋይሎችን ስለ ማስቀመጥና ዳግም ስለ ማተም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት፣ ኤኤስ/400 የተባለው የአይቢኤም የድርጅት ኮምፒውተር ወይም ተከታዩ አይቢኤም አይ በሚሠራባቸው ክፍሎች ከኦፐሬተሮች፣ ከሒሳብ ሠራተኞችና ከፕሮግራመሮች ዘወትር የሚነሡ ጥያቄዎች ናቸው።

ስፑል ፋይል ምንድን ነው?

አንድ ፕሮግራም ሪፖርት ሲያወጣ መስመሮቹን በቀጥታ ወደ ፕሪንተሩ አይልክም። ፕሪንተር ከኮምፒውተሩ እጅግ ስለሚዘገይ፣ ፕሮግራሙ እያንዳንዱ ገጽ ታትሞ እስኪወጣ ቢጠብቅ ኖሮ ሥራው ሁሉ በወረቀቱ ፍጥነት ይታሰር ነበር። ስለዚህ ሲስተሙ ውጤቱን መጀመሪያ በዲስክ ላይ ያኖረዋል፤ ይህ በዲስክ ላይ ሆኖ ተራውን የሚጠብቅ ኅትመት ስፑል ፋይል ይባላል። ተራ የሚጠበቅበት ስፍራ «አውትፑት ኪው» ሲሆን እዚህ የኅትመት ወረፋ እንለዋለን፤ ከወረፋው እያነሣ ለፕሪንተሩ የሚያደርሰው የሲስተሙ ፕሮግራም ደግሞ «ራይተር» ነው። ማሽኑ እ.ኤ.አ. በ1988 ኤኤስ/400 ተብሎ ከወጣ ጀምሮ አይሲሪስ፣ ሲስተም አይ፣ ከ2008 ወዲህ ደግሞ አይቢኤም አይ እየተባለ ስሙ ቢለዋወጥም፣ ይህ አሠራር በመሠረቱ አልተለወጠም።

ከአሁኑ መያዝ ያለበት አንድ ነገር አለ። የኅትመት ወረፋው በየትኛውም ላይብረሪ (የሲስተሙ ነገሮች የሚቀመጡበት ማኅደር) ውስጥ ሊቀመጥ የሚችል ራሱን የቻለ ነገር ሲሆን፣ የስፑል ፋይሎቹ ይዘት ግን በወረፋው ውስጥ አይደለም፤ «ኪው ኤስ ፒ ኤል» በሚባል የሲስተሙ ላይብረሪ ባሉ ዳታቤዝ ፋይሎች ውስጥ፣ እያንዳንዱ እንደ አንድ አባል ሆኖ ይቀመጣል። ወረፋው የሚይዘው ዝርዝሩን ነው። ወደ መጠባበቂያ ቅጂ ጉዳይ ስንደርስ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ኅትመቴ የት እንዳለ እንዴት አገኘዋለሁ?

የራስዎን ኅትመቶች «ወርክ ዊዝ ስፑልድ ፋይልስ» በሚለው ትእዛዝ፣ የአንድን ወረፋ ይዘት ደግሞ «ወርክ ዊዝ አውትፑት ኪው» በሚለው ያገኛሉ። በዚህ ማሽን ላይ ትእዛዞች የሚጻፉት በምሕጻር ነው፤ ግሱ በሦስት ፊደል፣ የሚሠራበት ነገር ስም ደግሞ ብዙውን ጊዜ አናባቢዎቹ ወጥተው። ስለዚህ የመጀመሪያው ትእዛዝ «ደብሊው-አር-ኬ-ኤስ-ፒ-ኤል-ኤፍ» ተብሎ ይተየባል። ምሕጻሩ ሲጠፋብዎት «ጎ» ብለው ቀጥሎ «ሲ-ኤም-ዲ-ኤስ-ፒ-ኤል-ኤፍ» ቢጽፉ የስፑል ፋይል ትእዛዞች ዝርዝር ይመጣል፤ በማንኛውም ትእዛዝ ላይ «ኤፍ 4» ቢጫኑ ደግሞ መሞላት ያለባቸው ነጥቦች በሙሉ ይታያሉ።

ስም ብቻውን አይበቃም። በቀን ሃምሳ ጊዜ የሚወጣ ሪፖርት ሃምሳውንም ጊዜ በአንድ ስም ይጠራል፤ አንዱን ከሌላው የሚለየው የፋይሉ ስም፣ የጆቡ (ኅትመቱን ያወጣው ሥራ) ስም፣ የተጠቃሚው ስም፣ ባለ ስድስት አኃዝ የጆቡ ቁጥርና በጆቡ ውስጥ ያለው የስፑል ፋይል ቁጥር ሲጣመሩ ነው። አንድ ሰው «ሪፖርቴ ጠፋ» ብሎ ሲደውል መጀመሪያ የምጠይቀው የጆቡን ስምና ቁጥር ነው፤ እነዚህ ከታወቁ ፍለጋው በደቂቃ ያልቃል።

ኅትመቱ እንደ ታተመ ከዝርዝሩ ለምን ይጠፋል? እንዳይጠፋስ ምን ላድርግ?

የሚጠፋው እንዲጠፋ ስለ ተነገረው ነው። እያንዳንዱ ስፑል ፋይል «ሴቭ» የሚባል ባሕርይ አለው፤ እሴቱ «ኖ» ከሆነ ራይተሩ አትሞ ሲጨርስ ፋይሉን ይሰርዘዋል። «የስ» ከሆነ ግን ፋይሉ ከታተመ በኋላ በወረፋው ላይ ይቆያል፣ ሁኔታውም «ኤስ-ኤ-ቪ» ተብሎ ይጻፋል። ገና ያልታተመን ፋይል ለማዳን፣ በዝርዝሩ ላይ ከስሙ አጠገብ 2 ቁጥርን አስገብተው ይህን ባሕርይ ወደ «የስ» መለወጥ ይበቃል፤ በትእዛዝ ቢሆን «ቼንጅ ስፑልድ ፋይል አትሪቢዩትስ» ነው። ራይተሩ እንዳይቀድምዎት ከፈሩ ግን መጀመሪያ በ3 ቁጥር ያግዱት፣ ከዚያ ተረጋግተው ይለውጡ።

አንድ ሪፖርት ሁልጊዜ እንዲቀመጥ ከተፈለገ መፍትሔው በፕሪንተር ፋይሉ፣ ማለትም ሪፖርቱ እንዴት እንደሚታተም በሚወስነው መግለጫ ላይ ነው። ሪፖርቱ የራሱ ፕሪንተር ፋይል ካለው «ቼንጅ ፕሪንተር ፋይል» በሚለው ትእዛዝ በቋሚነት መለወጥ ይቻላል። ሪፖርቱ የሚወጣው ብዙ ፕሮግራሞች በሚጋሩት የሲስተሙ ፕሪንተር ፋይል ከሆነ ግን ያንን አይንኩት፤ የአንዱን ሪፖርት ለማዳን ሲባል የሁሉም ሰው ኅትመት ይከማችና ከሳምንት በኋላ ወረፋው ማንም የማያነበው ክምር ይሆናል። በዚህ ጊዜ ሪፖርቱን በሚጠራው የሲኤል (የሲስተሙ የትእዛዝ ቋንቋ) ፕሮግራም ውስጥ፣ ከጥሪው በፊት «ኦቨርራይድ ዊዝ ፕሪንተር ፋይል» የሚለውን ትእዛዝ ማስገባት ይገባል፤ ለውጡ ለዚያ ሪፖርት ብቻ ይሠራል።

ማገድና ማስቀመጥ አንድ ናቸው?

አይደሉም። የታገደ ፋይል ገና አልታተመም፤ እስኪለቀቅ ድረስ ራይተሩ አያነሣውም። የተቀመጠ ፋይል ግን ቢያንስ አንድ ጊዜ ታትሟል። የታገደ ፋይል ሲለቀቅና ሲታተም፣ «ሴቭ» የሚለው ባሕርዩ «ኖ» ከሆነ ይሰረዛል፤ ይህን ባለማወቅ «አግጄው ስለ ነበር ይቆያል» የሚሉ ሰዎች ይገጥሙኛል።

የተቀመጠውን ፋይል እንደገና ለማተም ምን ይደረጋል?

በዝርዝሩ ላይ ከፋይሉ አጠገብ 6 ቁጥርን አስገብቶ መልቀቅ ብቻ ነው። ሁኔታው ከተቀመጠ ወደ ዝግጁ ይለወጣል፣ ራይተሩ ያነሣዋል፣ ከታተመ በኋላም ተመልሶ «ኤስ-ኤ-ቪ» ይሆናል፤ ይህን የፈለጉትን ያህል ጊዜ መደጋገም ይቻላል። ከመልቀቅዎ በፊት የቅጂውን ብዛት ይመልከቱ። ሲስተሙ የሚቀመጥን ፋይል አትሞ ሲጨርስ የቅጂውን ቁጥር ወደ 1 ይመልሰዋልና፣ በመጀመሪያ በአምስት ቅጂ የወጣ ሪፖርት ዳግም ሲታተም አንድ ብቻ ይወጣል።

በሌላ ፕሪንተር ማተም ከተፈለገ በ2 ቁጥር የፕሪንተሩን ወይም የወረፋውን ስም መለወጥ ነው። ይህ ፋይሉን ወደ ሌላው ወረፋ ያዛውረዋል እንጂ አያባዛውም፤ በቀድሞው ወረፋ ላይ የሚጠብቅ ሰው ካለ ይንገሩት።

ወረቀት ተጨናንቆ ከመካከሉ ተበላሸ። ሁሉንም ገጽ እንደገና ማተም አለብኝ?

የለብዎትም፤ አራት መቶ ገጽ ለስድስት ገጽ ብሎ ዳግም ማተም የወረቀትም የቶነርም ብክነት ነው። ራይተሩ ገና በሥራ ላይ ከሆነ መጀመሪያ ያግዱት፣ ወረቀቱን ያስተካክሉ፣ ከዚያ «ሪሊዝ ራይተር» በሚለው ትእዛዝ ከየት እንደሚቀጥል ይንገሩት፤ ካለበት፣ ከመጀመሪያው፣ ከተጠቀሰ ገጽ፣ ወይም ይህን ያህል ገጽ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊቀጥል ይችላል። ጥቂት ገጾች ወደ ኋላ መመለስ ይመረጣል፤ ፕሪንተሩ ተቀብሎ ገና ያላወጣቸው ገጾች በመጨናነቁ ጊዜ ሊጠፉ ይችላሉና።

ፋይሉ ታትሞ ካለቀና ከተቀመጠ፣ በ2 ቁጥር በሚከፈተው ገጽ የመነሻና የመድረሻ ገጽ ቁጥር መስጠት ይቻላል፤ ለምሳሌ ከ40 እስከ 45። ከዚያ ይለቁታል። በሌላ ቀን ሙሉውን ለማተም ሲያስቡ ይህ ክልል ወደ ቀድሞው መመለሱን ያረጋግጡ።

ሆኖም ይህ ሁሉ ምቾት ራይተሩና ፕሪንተሩ በሚነጋገሩበት መንገድ ላይ የቆመ ነው። ፕሪንተሩ የተያያዘው በርቀት ወረፋ፣ ማለትም በኤልፒአር ፕሮቶኮል ከሆነ፣ የራይተሩ ሥራ መላክ ብቻ ነው። ዳታው ለፕሪንተሩ ወይም ለኅትመት ሰርቨሩ እንደ ደረሰ ሥራው ተጠናቀቀ ይባላል፤ ወረቀት ላይ ምን እንደ ደረሰ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። «ሴቭ» «ኖ» ከሆነ ፋይሉ በዚያው ቅጽበት ይሰረዛል፤ ፕሪንተሩ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ቢበላሽ ከሲስተሙ የሚመለስ ነገር አይኖርም። በእንዲህ ያለ መንገድ ለሚታተሙ አስፈላጊ ሪፖርቶች «ሴቭ» «የስ» ማድረግ አማራጭ ሳይሆን ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ፕሮግራሙን እንደገና ማስኬድ አይበቃም?

አይበቃም። ዳግም ማተምና ዳግም ማስኬድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፕሮግራሙ የሚያነበው የአሁኑን ዳታ ነው፤ የትናንቱን ሪፖርት ዛሬ ቢያስኬዱት፣ በመካከሉ የገባ ክፍያ፣ የተሠረዘ የዕቃ ትእዛዝ፣ የተስተካከለ ስም ሁሉ ገብቶበት ይወጣል። ሪፖርቱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ትናንት ለሥራ አስኪያጁ የቀረበው፣ የተፈረመበትና ውሳኔ የተሰጠበት ግን እርሱ አይደለም። ስፑል ፋይሉ ያ ሰዓት እንደ ነበረ የተያዘበት ቅጂ ነው፤ ኦዲተር የሚጠይቀውም ያንን ነው።

ሌላም አደጋ አለ። አንዳንድ ፕሮግራሞች ከማተም ጎን ለጎን ዳታ ይለውጣሉ፦ ለደረሰኝ ቁጥር ይሰጣሉ፣ ወር ይዘጋሉ፣ «ታትሟል» የሚል ምልክት ያኖራሉ። እንዲህ ያለውን ፕሮግራም ለአንድ የጠፋ ወረቀት ሲባል መልሶ ማስኬድ፣ ከወረቀቱ መጥፋት የከፋ ጥፋት ሊያመጣ ይችላል። በአንድ የሠራሁበት መሥሪያ ቤት፣ የወር መዝጊያ የዕቃ ሪፖርት የነበረበት ወረፋ «ክሊር አውትፑት ኪው» በሚለው ትእዛዝ በስሕተት ጸድቶ ነበር። ፕሮግራሙ አዲስ ወር ከፍቶ ስለ ነበር መልሰን ልናስኬደው አልቻልንም፤ ቁጥሮቹን ከየክፍሉ በደረሱ ወረቀቶች እየለቀምን ስናሰናዳ ቀናት ፈጁብን። ከዚያ ወዲህ የወር መዝጊያ ሪፖርት ያለ «ሴቭ» «የስ» ሲወጣ ባየሁ ቁጥር ፕሮግራመሩን እፈልገዋለሁ።

ሌሊት ሌሊት በምንወስደው መጠባበቂያ ቅጂ ውስጥ ስፑል ፋይሎቹ አሉ?

ሆን ብላችሁ ካልጠየቃችሁ የሉም። ከላይ እንዳልነው የፋይሎቹ ይዘት «ኪው ኤስ ፒ ኤል» በሚባለው ላይብረሪ ውስጥ ነው፤ ያንን ላይብረሪ ደግሞ «ሴቭ ላይብረሪ» በሚለው ትእዛዝ መቅዳት ሲስተሙ አይፈቅድም። ወረፋው የተቀመጠበትን ላይብረሪ ስትቀዱም፣ እንዲሁ ብትተዉት ወደ ቴፕ የሚሄደው የወረፋው መግለጫ ብቻ ነው። ቴፑ ይሞላል፣ ጆቡ በሰላም አለቀ የሚል መልእክት ይመጣል፣ ሁሉም ደኅና ይመስላል፤ ማሽኑ ተበላሽቶ ከቴፑ ሲመለስ ግን ወረፋዎቹ ባዶ ሆነው ይመጣሉ። «ሴቭ» «የስ» ማለት በዲስክ ላይ ማቆየት እንጂ መጠባበቂያ መያዝ እንዳልሆነ ብዙ ክፍሎች የተማሩት በዚህ መንገድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 ከወጣው ቪ5አር4 ስሪት ጀምሮ መፍትሔው በሲስተሙ ውስጥ አለ። «ሴቭ ኦብጀክት» እና «ሴቭ ላይብረሪ» በሚሉት ትእዛዞች ላይ «ስፑልድ ፋይል ዳታ» የሚል ነጥብ ታክሏል፤ ካልተነካ እሴቱ «ነን» ነው፤ «ኦል» ሲባል ግን ከወረፋው ጋር በውስጡ የተሰለፉት ስፑል ፋይሎች በሙሉ ይቀዳሉ። በ«ጎ ሴቭ» ምርጫ 21 ሙሉ ሲስተሙን የሚቀዱም ይህ ጥያቄ በስክሪኑ ላይ ይመጣላቸዋል፤ በጥድፊያ «ኢንተር» ብለው እንዳያልፉት። የዕለት መጠባበቂያው በራሳችሁ ሲኤል ፕሮግራም የሚሠራ ከሆነ፣ ይህ ነጥብ በትእዛዙ ውስጥ መኖሩን ዛሬውኑ ከፍታችሁ ተመልከቱ። ቢአርኤምኤስ የተባለውን የአይቢኤም የመጠባበቂያ ቅጂ ሶፍትዌር የሚጠቀሙ ደግሞ ለስፑል ፋይሎች የተለየ የቅጂ ዝርዝር ማዘጋጀት ይችላሉ።

ሁሉንም ወረፋ መቅዳት ግን አያስፈልግም። የጆብ መዝገቦችና የሙከራ ኅትመቶች ቴፕ ላይ ቦታ መያዛቸው ትርጉም የለውም። መቀመጥ ያለባቸው ሪፖርቶች ራይተር በሌለው በአንድ የተለየ ወረፋ እንዲሰበሰቡ ማድረግና ያንን ወረፋ ብቻ ከነይዘቱ መቅዳት፣ ለጥበቃም ለፍለጋም ይቀላል።

ከቴፕ የተመለሰ ስፑል ፋይል እንደ ቀድሞው ይሆናል?

በዚህ መንገድ ከተቀዳና «ሪስቶር ኦብጀክት» ወይም «ሪስቶር ላይብረሪ» በሚለው ትእዛዝ ከተመለሰ፣ የጆቡን ስም፣ የተጠቃሚውን ስም፣ ቁጥሩን፣ የተፈጠረበትን ቀንና ሰዓት እንደ ያዘ ይመለሳል። ሲመለስ በ«ስፑልድ ፋይል ዳታ» ነጥብ ላይ፣ ካልተነካ፣ የሚሠራው «ኒው» የሚለው እሴት ነው፤ በሲስተሙ ላይ ያሉትን ሳይነካ የሌሉትን ብቻ ያስገባል።

ከመመለስዎ በፊት ወረፋውን ማገድ አይርሱ። ራይተር የተከፈተበት ወረፋ ላይ ሦስት መቶ አሮጌ ሪፖርቶችን ቢመልሱ፣ ለመታተም ዝግጁ የሆኑት ወዲያው መውጣት ሊጀምሩ ይችላሉ።

ያለንበት ስሪት ከቪ5አር4 የቀደመ ነው። ምን እናድርግ?

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ፣ ከዚህ በታች የተገለጸው ወደ ዳታቤዝ ፋይል መቅዳት ነው፤ ጽሑፉን ያድናል፣ መልኩን ግን በከፊል ያጣል። ሁለተኛው የሲስተሙን ኤፒአይዎች (ፕሮግራም የሚጠራቸውን የሲስተሙ ዝግጁ አገልግሎቶች) መጠቀም ነው፦ ስፑል ፋይሉን የሚከፍት፣ ይዘቱን ወደ ዩዘር ስፔስ (ፕሮግራም ዳታ የሚያቆይበት ስፍራ) የሚያወጣ፣ አዲስ ስፑል ፋይል የሚፈጥርና ይዘቱን መልሶ የሚያስገባ ኤፒአይ አለ። በእነዚህ የተሠራ ፕሮግራም ባሕርዮቹን ሁሉ ይጠብቃል፤ ዳግም የሚፈጠረው ፋይል ግን አዲስ መለያና አዲስ ቀን ስለሚይዝ፣ የቀድሞውን ጆብ ስምና ቁጥር ለብቻው መዝግቦ ማቆየት ያስፈልጋል።

ስፑል ፋይልን ወደ ዳታቤዝ ፋይል ቀድቼ በኋላ እንደ ነበረ ማተም እችላለሁ?

ተራ የጽሑፍ ሪፖርት ከሆነ ይቻላል፤ ነገር ግን ብዙዎች አንዲት ነጥብ ይስታሉ። «ኮፒ ስፑልድ ፋይል» የሚለው ትእዛዝ ካልተነገረው በቀር የሚቀዳው ፊደሎቹን ብቻ ነው፤ የት ገጽ እንደሚያልቅ፣ የት መስመር እንደሚዘለል የሚናገሩት ምልክቶች ይቀራሉ። እንዲህ ተቀድቶ የታተመ ሪፖርት መስመሮቹ ተጣብቀው፣ ገጾቹ ተደባልቀው ይወጣሉ። መፍትሔው «ኮንትሮል ካራክተር» በሚለው ነጥብ ላይ «ኤፍ-ሲ-ኤፍ-ሲ» የሚለውን እሴት መስጠት ነው፤ በዚህ ጊዜ የእያንዳንዱ መስመር የመጀመሪያ ፊደል የማተሚያ መመሪያ ይሆናል። ለዚህች አንዲት ፊደል ቦታ ያስፈልጋልና፣ 132 ፊደል ስፋት ላለው ሪፖርት የሚፈጠረው ፋይል የመዝገብ ርዝመት 133 መሆን አለበት። መልሶ ለማተም፣ ለሲስተሙ ፕሪንተር ፋይል «ኤፍ-ሲ-ኤፍ-ሲ» የሚል ኦቨርራይድ አድርጎ፣ በ«ኮፒ ፋይል» ወደዚያ ፕሪንተር ፋይል መቅዳት ነው።

ፎንት፣ ምስል፣ ባርኮድና ሌላ ጌጥ ያለው ኅትመት በዚህ መንገድ አይድንም፤ ኤኤፍፒዲኤስ በሚባለው የአይቢኤም የገጽ ቅንብር ዓይነት የተዘጋጀውን ትእዛዙ ጭራሹን አይቀበለውም። የፋይልዎ ዓይነት ምን እንደሆነ በ8 ቁጥር ባሕርዮቹን ከፍተው ይመልከቱ፤ «ኤስ-ሲ-ኤስ» (ተራው የጽሑፍ ኅትመት ዓይነት) ካለ መንገዱ ክፍት ነው።

ወደ ፒዲኤፍ ለውጦ ማስቀመጥ አይሻልም?

ለንባብና ለማኅደር ይሻላል፤ ኤኤስ/400 ባይኖርም ይከፈታልና። ለጥቂት ፋይሎች አይቢኤም አይ አክሰስ በሚባለው የደንበኛ ሶፍትዌር ውስጥ «ፕሪንተር አውትፑት» የሚለውን ከፍቶ ማውረድ ይበቃል። በብዛትና በራሱ እንዲሠራ ከተፈለገ፣ ትራንስፎርም ሰርቪስስ የሚባለው ፈቃድ ያለው ምርት በሲስተሙ ላይ ተጭኖ፣ «ኮፒ ስፑልድ ፋይል» ወደ ዥረት ፋይል እንዲጽፍና ቅርጹ ፒዲኤፍ እንዲሆን ማዘዝ ይቻላል።

ይሁን እንጂ ፒዲኤፉ ስፑል ፋይሉን ሙሉ በሙሉ አይተካም። ቀድሞ በታተመ ቅጽ ላይ የሚወርድ ደረሰኝ፣ ወይም በነጥብ ማተሚያ በካርቦን ወረቀት የሚወጣ ሰነድ ዳግም የሚታተመው ከስፑል ፋይሉ ሲሆን ነው ቦታውን የሚጠብቀው። እንዲህ ላሉት ሁለቱንም ማስቀመጥ ይገባል።

ወደ ሌላ ማሽን እንዴት አስተላልፋለሁ?

«ሴንድ ቲሲፒ ስፑልድ ፋይል» የሚለው ትእዛዝ ይህን ይሠራል፤ ተቀባዩ ተመሳሳይ ማሽን መሆኑን በመድረሻው ዓይነት ላይ ከነገሩት ባሕርዮቹንም ይዞ ይሄዳል። ተቀባዩ ማሽን ላይ ሲፈልጉት በቀድሞው ጆብ ስም አያገኙትም፤ «ኪው-ፒ-አር-ቲ-ጆብ» በሚባል ጆብ ስር ይሆናል። ይህን የማያውቅ ሰው አልደረሰም ብሎ ሁለቴና ሦስቴ ይልካል። የመጀመሪያው መለያ መጠበቅ ካለበት ግን ወረፋውን ከነይዘቱ ወደ «ሴቭ ፋይል» (በዲስክ ላይ በቴፕ ፋንታ የሚያገለግል የቅጂ ፋይል) ቀድቶ፣ በኤፍቲፒ በባይነሪ አኳኋን ልኮ፣ በተቀባዩ ላይ መመለስ የተሻለ ነው።

የደመወዝ ሪፖርት ወረፋ ላይ ከተቀመጠ ማንም አያነበውም?

ሊያነበው ይችላል፤ ከወረቀቱ ይልቅ የተቀመጠው ፋይል የሚያሰጋውም ለዚህ ነው። ጥበቃው ያለው በወረፋው ላይ ነው። ወረፋው ሲፈጠር «ዲስፕሌይ ዳታ» የሚለው ነጥብ «ኖ» ወይም «ኦውነር» መሆኑን ያረጋግጡ፤ «የስ» ከሆነ ወረፋውን የማንበብ ፈቃድ ያለው ሁሉ የሌላውን ሰው ፋይል ከፍቶ ያያል። «ኦፐሬተር ኮንትሮል» የሚለው «የስ» ከሆነ ደግሞ የጆብ ቁጥጥር ልዩ ሥልጣን ያላቸው ኦፐሬተሮች ወረፋውን ያስተዳድራሉ። ከዚህ ሁሉ በላይ የሆነው «ስፑል ኮንትሮል» የሚባለው ልዩ ሥልጣን ነው፤ ይህ ያለው ሰው በሲስተሙ ላይ ያለውን ማንኛውንም ስፑል ፋይል ማየትም መሰረዝም ስለሚችል፣ ለሥራ ምቾት ሲባል ለብዙ ሰው መሰጠት የለበትም። ለደመወዝ የተለየ ወረፋ መክፈትና የሕዝብ ፈቃዱን መዝጋት ትንሽ ሥራ ነው።

በስሕተት የተሰረዘ ስፑል ፋይል ይመለሳል?

ከተሰረዘ ሲስተሙ የሚመልስበት ትእዛዝ የለውም። ተስፋው ከይዘቱ ጋር የተቀዳ ወረፋ በቴፕ ላይ መኖሩ ነው።

የተቀመጡ ፋይሎች ሲበዙ ማሽኑን ያከብዳሉ?

ዲስክ ይይዛሉ፤ ይህ ግልጽ ነው። ብዙም የማይታየው ጣጣ በጆቦቹ ላይ ያለው ነው። እንደ ተለመደው ከተተወ፣ አንድ ጆብ አልቆም ስፑል ፋይል እስካለው ድረስ ከሲስተሙ መዝገብ አይወጣም። የጆቦች ብዛት ወሰን አለው፤ ሲስተሙ ሲመጣ የተቀመጠለት 163520 ነው፣ ወሰኑ ሲደረስም አዲስ ጆብ መክፈት አይቻልም። መፍትሔው የ«ስፑልድ ፋይል አክሽን» ሲስተም እሴትን ከ«ኪፕ» ወደ «ዲታች» መለወጥ ነው፤ ጆቡ ሲያልቅ ከመዝገቡ ይወጣል፣ ፋይሉ በወረፋው ላይ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ግን በ«ወርክ ዊዝ ጆብ» በኩል ገብቶ ፋይሉን ማግኘት አይቻልም፤ ከወረፋው መፈለግ ነው።

ለእያንዳንዱ ፋይል የማብቂያ ቀን መስጠትም ይቻላል። ቀኑ ሲደርስ ግን ሲስተሙ በራሱ አይሰርዝም፤ «ዲሊት ኤክስፓየርድ ስፑልድ ፋይልስ» የሚለው ትእዛዝ በጆብ መርሐ ግብር ሰሌዳ ላይ ተይዞ በየቀኑ መሄድ አለበት። ቀኑ የሚጻፈው በጎርጎርዮሳዊው አቈጣጠር ነውና፣ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ለሚዘጋ የኢትዮጵያ መሥሪያ ቤት የዓመቱ መጨረሻ ጁላይ 7 መሆኑን በማሰብ፣ ኦዲቱ እስኪያልቅ የሚበቃ ጊዜ ጨምሮ መወሰን ይገባል።

ፋይሎች ከተሰረዙ በኋላም ዲስኩ ወዲያው ካልተለቀቀ አይደንግጡ። ባዶ የሆኑት አባላት ለሚቀጥሉት ኅትመቶች እንዲያገለግሉ ይቆያሉ፤ ሳይነኩ 8 ቀን ካለፋቸው ሲስተሙ ያስወግዳቸዋል። ቶሎ ቦታ ካስፈለገ «ሪክሌም ስፑል ስቶሬጅ» አለ። ይህን የ8 ቀን ገደብ ወደ ዜሮ ማውረድ ግን አልመክርም፤ ሲስተሙ በየኅትመቱ አዲስ አባል ለመፍጠር ስለሚገደድ ሥራው ይዘገያል።

የሁለት ዓመት ስፑል ፋይል ዳግም ሳትመው መልኩ ለምን ተለወጠ?

ፋይሉ ሁሉንም ነገር በውስጡ ስላልያዘ ነው። በኤኤፍፒዲኤስ የተዘጋጀ ኅትመት የድርጅቱን ዓርማ፣ የቅጹን ክፈፍና አንዳንድ ፎንቶችን በስም ይጠቅሳል እንጂ አይሸከምም። ራይተሩ በሚያትምበት ጊዜ ኦቨርሌዩን (የቅጹን ክፈፍ)፣ ፔጅ ሴግመንቱን (እንደ ዓርማ ያለውን ምስል) እና ፎንቱን ከላይብረሪ ፈልጎ ያመጣል። በመካከሉ ድርጅቱ ዓርማውን ለውጦ በዚያው ስም ካስቀመጠ፣ የድሮው ደረሰኝ በአዲሱ ዓርማ ይወጣል፤ ኦቨርሌዩ ከተሰረዘም ጭራሹን ላይታተም ይችላል።

ስለዚህ ዓርማ ወይም ቅጽ ሲለወጥ አሮጌውን በአዲሱ አለመተካት፣ ይልቁንም ለአዲሱ አዲስ ስም መስጠት ይገባል። ወረፋው ወደ ቴፕ ሲቀዳም እነዚህ የሚገኙበት ላይብረሪ አብሮ መቀዳት አለበት፤ ወደ ሌላ ማሽን ሲዛወርም እንዲሁ።

አማርኛ ያለበት ሪፖርት በዚህ መንገድ ሊቀመጥ ይችላል?

ተራው «ኤስ-ሲ-ኤስ» ኅትመት የሚጠቀመው ባለ አንድ ባይት የኢቢሲዲክ ኮድ ገጽ (ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር የሚሰጥ ሰንጠረዥ) ሲሆን፣ በአንድ ገጽ ላይ ከ256 የበለጠ ቦታ የለም። የፊደል ገበታችን ደግሞ በዩኒኮድ ዋናው ክፍል ብቻ 384 ቦታ ተመድቦለታል። ዳታቤዙ አማርኛን በዩኒኮድ በትክክል ቢይዝም፣ ሪፖርቱ በተራው መንገድ ወደ ስፑል ሲወርድ ፊደሎቹ በመተኪያ ምልክት ይለወጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ስፑል ፋይሉን በቴፕም በፒዲኤፍም ቢያስቀምጡ የሚድነው ምልክቱ ነው።

ስለዚህ የአማርኛ ስም ወይም አድራሻ ያለበት ሰነድ መቀመጥ ካለበት፣ ከመነሻው ዩኒኮድን በሚቀበል መንገድ መዘጋጀት ይኖርበታል፤ ቀላሉ ፕሮግራሙ ራሱ ግእዝ ያለበት ፎንት የተካተተበትን ፒዲኤፍ እንዲያወጣ ማድረግ ነው። አሁን ያላችሁ ሪፖርት በየትኛው ወገን እንደሆነ ለማወቅ፣ ፋይሉን በ5 ቁጥር ከፍታችሁ አንድ የአማርኛ ስም ያለበትን መስመር ተመልከቱ፤ እዚያ ላይ ጥያቄ ምልክት ወይም ባዶ ሳጥን ከታየ፣ የተርሚናላችሁ ማሳያ ብቻ እንዳያሳስታችሁ በፒዲኤፍም አውርዳችሁ አረጋግጡ።